ተረቱን ማን ነገራችሁ?

ነገሩ የጀመረው በአንድ ካርቶን ነው።

ሮቤ ያደገ አንድ ወዳጅ አለን። ከሐረና ጫካ ማርና ከዲንሾ ገብስ አንድ ጣፋጭ ሠርቶ ለበዓል ገበያ ሊያቀርብ ተነሣ። የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማና ማር አንድ ላይ አሽቶ፣ በትንንሹ ቆርጦ፣ በወረቀት ጠቅልሎ በካርቶን ያሽገዋል። ቀመስነው። እውነቱን ለመናገር ሰፈራችን ካለው ኬክ ቤት በክሬም የተለቀለቀ ኬክ ሁሉ በልጦብናል። ወዳጃችን ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል ብሎ ያምናል። «ታሪክ የለውም» አለን። «እናንተ ጸሐፊዎች አይደላችሁም እንዴ? ካርቶኑ ጀርባ ላይ አንድ አፈ ታሪክ ጻፉልኝ። የከተማ ሰው የሚገዛው ጣፋጩን ሳይሆን ታሪኩን ነው።»

ጻፍንለት። (አሁን ስናስታውሰው ያፍረናል።) ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ሼህ ሁሴን ከተከታዮቻቸው ጋር በረሃ ሲያቋርጡ ስንቃቸው አለቀ፤ በዚህ ጊዜ ከሐረና ጫካ የተነሡ ንቦች መጥተው በደረቁ የገብስ ዱቄት ላይ ማር አንጠባጠቡበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሌ ሰው በየበዓሉ ይህን ጣፋጭ ይሠራል… እያልን በአንድ ምሽት ጨረስነው። ያምር ነበር። ችግሩ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የእኛ ፈጠራ መሆኑ ነው።

ወዳጃችን ጽሑፉን ይዞ ጎባ ላሉት ለአያቱ አነበበላቸው። እሱ «አኮ» ነው የሚላቸው፤ እኛም እንደሱ አኮ እንበላቸው። አኮ ዝም ብለው አዳመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ተረቱን ማን ነገራችሁ?»

ማንም አልነገረንም። ወዳጃችንም ይህንኑ አላቸው።

«እንግዲያው የሳቸውን ስም ለምን አነሣችሁ?»

ካርቶኑ ሳይታተም ቀረ። እኛ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። ለመሆኑ በአፈ ታሪክ የሚጠራ የበዓል ጣፋጭ ሌላው ዓለም እንዴት አገኘ? እኛስ የለንም? ባሌስ? ዛሬ የምናወጋው ይህንኑ ነው።

የቪየናው ዳቦ

ከሌላው እንጀምር። ቁርስ ላይ በማኪያቶ የምንገምጠውን ክሮሳንት እናውቀዋለን። ስለሱ የሚነገረውም ታሪክ ዓለምን የዞረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1683 የኦቶማን ጦር ቪየናን ከበበ፤ ለሊት ዱቄት ሲያቦኩ ያደሩ ዳቦ ጋጋሪዎች ጠላት ከመሬት በታች ጉድጓድ ሲቆፍር ሰሙና ከተማዋን አዳኑ፤ ለድሉ መታሰቢያም ከጠላት ባንዲራ ላይ ያለውን ግማሽ ጨረቃ በዳቦ ቅርጽ ሠሩ ይባላል።

ሸጋ ታሪክ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የተጻፈ አንድም ማስረጃ የለውም። ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው «ኪፕፈርል» የሚባለው ዳቦ በኦስትሪያ ከከበባው ብዙ ዘመን ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ወደ ፓሪስ የወሰደው ደግሞ አውጉስት ዛንግ የሚባል ኦስትሪያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ እዚያ የቪየና ዳቦ ቤት ከፍቶ። አፈ ታሪኩ ዳቦውን አልወለደውም። ዳቦው ዝነኛ ከሆነ በኋላ አፈ ታሪክ ተፈለገለት። እኛ ለካርቶኑ ያደረግነውም ልክ ይኸው ነበር።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ቱርኮች «አሹሬ» የሚሉት ምግብ አላቸው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ የደረቀ ፍራፍሬና ለውዝ አንድ ላይ ተቀቅሎ ይጣፍጣል። የኖኅ መርከብ ከጥፋት ውኃ በኋላ መሬት ስትነካ፣ ውስጧ የቀረው እህል ለብቻው ለአንድ ምግብ የሚበቃ ስላልነበረ ሁሉም በአንድ ድስት ተቀቀለ ይባላል። ይህም ቢሆን በታሪክ ማስረጃ የሚረጋገጥ አይደለም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ አሹሬ በሙሐረም ወር ተሠርቶ ለጎረቤት ይታደላል። አንድ ቤት ለብቻው ሠርቶ ለብቻው አይበላውም። አፈ ታሪኩ ሰውን አንድ ነገር ያስደርገዋል።

ልብ በሉ፤ ሁለት ዓይነት ተረት አለ ማለት ነው። አንደኛው ያስገዛል። ሁለተኛው ግዴታ ይጥላል።

የሐረር ገንፎ

ሁለተኛውን ለማየት ቱርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ አገራችን፣ በዚያው በሙሐረም ወር፣ ሐረር ላይ እናገኘዋለን።

የሐረር ሰው ጅብ ሲያበላ ማታ ማታ ቱሪስት የሚያየው ሥጋውን ነው። በአሹራ ግን ለጅቦቹ የሚቀርበው ገንፎ ነው፤ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ። በአፈ ታሪኩ መሠረት በአንድ የረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው ማጥቃት ጀመሩ። የከተማዋ ደጋግ ሰዎች ተሰብስበው መከሩና ከጅቦቹ ጋር በገንፎ ታረቁ። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ውሉ ይታደሳል። ጅቦቹ ገንፎውን እንዴት እንደተመገቡለት ታይቶም መጪው ዓመት ጥጋብ ይሁን ችግር ይተነበያል።

እስቲ አስቡት። በበዓል ቀን ምርጡ ቅቤ የሚፈስስበት ገንፎ ለባለቤቱ ሳይሆን ለሚፈራው አውሬ ይሰጣል። ይህን ተረት ማንም ማሸጊያ ላይ አላተመውም። የኖረው ሰዎች በየዓመቱ ገንፎ ስላገነፉ ነው።

ሐረርን ያነሣነው ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ሐረርና ባሌ ቀድሞም የተሳሰሩ ናቸው። የሼህ ሁሴንን መካነ መቃብር በጉልላት ያሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1783 እስከ 1794 ሐረርን የገዙት አሚር አብዱሽኩር ናቸው። ወደ ባሌ የምንሻገረውም በዚሁ መንገድ ነው። ከመሻገራችን በፊት ግን አንድ የቃል ዕዳ እንክፈል።

«ይጣፍጣል» ስንል

አማርኛችን ውስጥ «ጣፈጠ» የሚለው ቃል ተንኮለኛ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ይጣፍጣል፤ በርበሬው የበሰለ ዶሮ ወጥም ይጣፍጣል። አንዲት እናት «ወጡ አልጣፈጠም» ብትል ስኳር ጨምሩበት ማለቷ አይደለም፤ ጨው አንሶታል ወይም ሽንኩርቱ አልበሰለም ማለቷ ነው። ኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ «ሚአዋ» የሚለው ቃል ለጣፋጭም፣ ጥሩ ጣዕም ላለው ምግብም ያገለግላል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአብዛኛው አገራችን ከዋናው ምግብ በኋላ ለብቻው የሚመጣ ጣፋጭ አልነበረም። ስለዚህ «የኢትዮጵያ የበዓል ጣፋጭ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የኬክ ዝርዝር ከጠበቀ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጣፋጩ ምግቡ ውስጥ ነው። ማሩ ጠጁ ውስጥ፣ ብርዙ ውስጥ፣ ገንፎው ላይ ነው። ቅቤው በየቦታው ነው።

ታላላቆቹ ተረቶቻችንም ወደ ማር ይሄዳሉ። የላሊበላን ታሪክ የማያውቅ የለም። ሲወለድ ንብ ከበበው፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ብላ ስም አወጣችለት ይባላል። ስሙንም «ማር ይበላል» ብለው የሚፈቱት አሉ። መስከረም መባቻችን በስሙ የሚጠራው ዮሐንስ መጥምቅ በበረሃ ማር ይመገብ እንደነበረ ወንጌል ይናገራል። ቅዱስ ቁርኣንም «ንብ» የተባለ ምዕራፍ አለው፤ ከንብ ሆድ በሚወጣው መጠጥ ለሰው ፈውስ እንዳለበት ይገልጻል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማርን የሚያየው እንደ ተራ ምግብ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገርም አለ። ማር የበዓል ብቻ ሳይሆን የግብርም ዕቃ ነበር። በምኒልክ ዘመን አርሲ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሌም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከተያዙ ወዲህ የገባር ሥርዓት ተዘረጋ። በደቡብ አገር ገባሩ ለመልከኛው ከሚያቀርበው ነገር ማር አንዱ ነበር። በትልልቆቹ አዳራሾች የተንቆረቆረው ጠጅ የአንድ ሰው ጀርባ የተሸከመው ማር ነው። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላል የአገራችን ሰው። የሰፈረው ገባር ግን ብዙ የመናገር ዕድል አልነበረውም። የመሬትና የግብር ቅሬታ ተጠራቅሞ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 የዘለቀውን የባሌ አመፅ ከቀሰቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። ስለ ባሌ ማር ስንጽፍ «ጥንታዊ»፣ «ባህላዊ» እያልን ብቻ ብናልፍ፣ ይህን ታሪክ በማር ለወስነው ማለት ነው።

ወደ ድሬ የሚወስደው መንገድ

አሁን ባሌ ገባን።

ባሌ በጽሑፍ ታሪክ አዲስ ስም አይደለችም። ደማስቆ ተወልዶ ካይሮ ቤተ መንግሥት የሠራው አል-ዑመሪ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አካባቢያችን የሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ ባሌን ለምነቷን አንሥቶ ያወድሳታል። ሕዝቡ በገንዘብ ሳይሆን ዕቃ በዕቃ እየለወጠ እንደሚገበያይም ጽፏል።

የሼህ ሁሴን ዝና የተነሣው ከዚያም ቀድሞ ነው። የቃል ትውፊቱ የ12ኛውና የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ያደርጋቸዋል፤ የዘር ሐረጋቸውንም ሶማሊያ ዳርቻ ካለችው የመርካ ከተማ ጋር ያያይዘዋል። ተአምራታቸው በኦሮምኛ ዜማ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሯል። በዐረብኛ የተጻፈው ገድላቸውም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካይሮ ታትሟል፤ ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የልቦች ጸደይ» ማለት ነው። አሜሪካዊው ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 በድሬ ሼህ ሁሴንና በሶፍ ዑመር ዋሻ በኩል አልፏል። ያም የሆነው እኛ ዛሬ ባሌን «እናስተዋውቃት» ከማለታችን ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው።

እንግዲህ እዩት። እኛ በአንድ ምሽት ፈጠራ ልንሞላው የነበረው ቦታ ባዶ አልነበረም። ስምንት መቶ ዓመት የተዜመበት፣ የተጻፈበት፣ የተሄደበት ነው።

«የተሄደበት» ያልነው በምክንያት ነው። የድሬ ሼህ ሁሴን ትልቁ ነገር መንገዱ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በዓረፋና በመውሊድ ወራት፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከሶማሌ፣ ከቦረና ወደ ነጫጮቹ ጉልላቶች ይጎርፋል። ተጓዡ «ጋሪባ» ይባላል። በእጁ ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ይይዛል፤ «ደንቄ» ይሉታል። ዛሬ ብዙው ሰው በመኪና ይሄዳል፤ ድሮ ግን ጉዞው በእግር ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ጋሪባ በየደረሰበት የሼህ ሁሴንን ስም ጠርቶ ያድራል፤ የደረሰበት ቤትም አብልቶ ያሳድረዋል።

ታዲያ ሳምንታት በእግር የሚሄድ ሰው ምን ይሰንቃል?

መልሱ ወዳጃችን ካርቶን ውስጥ ነበር፤ ጭኮ።

የጭኮ ጥበብ

ጭኮን የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ ባጭሩ እንንገረው። ገብስ ይታመሳል፣ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ቅቤ በኮረሪማ፣ በአብሽና በሌሎች ቅመሞች ይነጠራል። ከዚያ ዱቄቱ በቅቤው ይታሻል፤ ውኃ አይነካውም። ሲረጋ በማንኪያ ወይም በእጅ እየተቆረሰ ይበላል። የሠርግ፣ የዒድ፣ የእንግዳ ምግብ ነው፤ ለመንገደኛም ይሰነቃል።

ለምን ለመንገድ ሆነ? ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። ምግብ የሚያበላሹት ተሕዋስያን ውኃ ይፈልጋሉ። የተቆላ ዱቄት ደረቅ ነው። ሲነጠር ቅቤው ውስጥ የነበረው ውኃና አሬራ ይወጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ለተሕዋስያን የሚተርፍ ውኃ የለም፤ ስለዚህ ጭኮ በስልቻም ይሁን በአገልግል ለረዥም ጊዜ ይቆያል። ማርም እንዲሁ ነው። ውኃው ከመቶ ሃያ እጅ አይበልጥም፤ በዚያ ላይ አሲድነት አለው። ገብስ፣ ንጥር ቅቤ፣ ማር። ሦስቱም በማቀዝቀዣ ፋንታ በዕውቀት የሚቆዩ ናቸው።

አኮን በስልክ ስለ ጭኮ ስንጠይቃቸው የነገሩን ከዚህ ጋር ይገጥማል። «ጭኮ የሚሠራው ሰው ሲመጣ ነው፣ ሰው ሲሄድ ነው» አሉን። «ለራስህ ብቻ ጭኮ አትሠራም፤ ለራስህ ብቻማ ቂጣም ይበቃሃል።» ማር ይገባበታል ወይ አልናቸው። «ማር ካለ ማን ይከለክላል? ግን ማር የማርቃ ነው» አሉ። ማርቃ የኦሮሞ ገንፎ ነው። መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤ ይፈስስበታል፤ ማር የተገኘ ቀን ደግሞ ማር። የአራስ ምግብ ነው፤ የጥየቃም ምግብ ነው። በአንድ ሳሕን ዙሪያ ሁሉም ከራሱ በኩል እየቆረሰ ወደ መሐሉ ይመጣል።

እንግዲህ ባሌ አፈ ታሪክ ያለው ጣፋጭ አላት ወይስ የላትም? የእኛ መልስ ይኸውና፦ በስማቸው የተሰየመ፣ በቅርጹ ተአምራቸውን የሚያሳይ ጣፋጭ አላገኘንም። ያገኘነው ሌላ ነገር ነው። በባሌ አፈ ታሪኩ ያለው በምግቡ ቅርጽ ላይ ሳይሆን በአሰጣጡ ላይ ነው። ሼህ ሁሴንን የሚያከብር ቤት ጋሪባን አያስርብም። ጣፋጩ ማን ደጅ እንደሚደርስ የሚወስነው ተረቱ ነው። ልክ እንደ ቱርኩ አሹሬ፣ ልክ እንደ ሐረሩ ገንፎ።

ማሩ ከየት ይመጣል?

እስካሁን ገብሱንና ቅቤውን አወራን። ማሩ ግን የራሱ አገር አለው።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎባን አልፎ ወደ ደቡብ ሲወጣ ሳነቲ ሜዳ ይመጣል፤ 4,000 ሜትር ከፍታ፣ ብርድ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጅብራ። 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ እዚያው ነው። ከዚያ መንገዱ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ የሐረና ጫካ ይጀምራል። ጫካው ከ3,200 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ በደረጃ ይወርዳል፦ መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶ፣ የሪራ መንደር ዙሪያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ትልልቁ ዛፍ፣ ታች ወደ ዶሎ መና ሲቀርብ ደግሞ ማንም ያልተከለው፣ ከዛፍ ሥር በራሱ የበቀለ ቡና። በአንድ ቀን መንገድ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከአስታ አበባ ወደ ቡና አበባ ይደረሳል። ለንብ ከዚህ የተሻለ አገር ከወዴት ይገኛል?

ቀፎው ከቀርከሃ ወይም ከተቦረቦረ ግንድ ይሠራል። ውስጡ ጥሩ ሽታ ባለው ዕፅ ይታጠንና ረዥም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ንቡ ራሱ መጥቶ ይገባበታል። ማር ቆራጩ ሲመሽ ጢስ ይዞ፣ በገመድ ተደግፎ ይወጣል። ከታች ለሚያየው ሰው ነገሩ ሁሉ ጨለማና የጢስ ብልጭታ ነው። የወደቀ፣ የተሰበረ፣ የተነደፈ ብዙ ነው። የከተማ ሱቅ ውስጥ በብልቃጥ የምናየው ማር አንድ ሰው ነፍሱን በገመድ አንጠልጥሎ ያወረደው ነው። እኛ ግን በተረታችን ውስጥ ማሩን ከሰማይ አንጠባጠብነው! ማር ቆራጩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከታሪክ ሰረዝነው። ከሠራነው ጥፋት ሁሉ እንደ እኛ ይህ ይከፋል።

ዛፉም አብሮ ተሰርዟል። ሐረና ዘላለማዊ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የበጋ ወራት የባሌን ደን የበላው እሳት ለሳምንታት አልጠፋ ብሎ ከውጭ አገር ባለሙያ ሳይቀር ለእርዳታ መጥቷል። ከዚያ ወዲህም እርሻና ሰፈራ ከጫካው እየቆረሱ ነው። በሌላ በኩል 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከሐረና ጫካም ሰፊ ክፍል በውስጡ ነው። ጥሩ ዜና ነው። ግን መዝገብ ላይ መጻፍ ዛፍ አያቆምም። ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ባለቀፎው አያስቆርጥም። ማሩ በደህና ዋጋ ከተሸጠ ዛፉ ጠባቂ አገኘ ማለት ነው። ማሩ ካልተሸጠ ግን ዛፉ ከሰልና ጣውላ ነው።

ስኳር ሲገባ

ማር ከበዓል ገበታችን እንዴት እንደተገፋ ካላነሣን ታሪኩ ጎዶሎ ነው። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ሸዋና መተሐራ ተከተሉ። ስኳር ከባዕድ አገር የሚመጣ ብርቅ ነገር መሆኑ ቀረ። ደስታ ከረሜላ የስንቱ ልጅ የበዓል ደስታ እንደነበረች እናትና አባቶቻችሁን ጠይቁ። ከተማው ኬክ ቤት ለመደ። ልደት ያለ ኬክ የማይታሰብ ሆነ፤ ገናም፣ ዒድም ተራ በተራ ወደዚያው ሄዱ።

ስኳርን ልናወግዝ አይደለም፤ በሻያችን ውስጥ አለና። የሚያናድደው ስኳር ማርን አስመስሎ ሲመጣ ነው። በበዓል ሰሞን ገበያ ላይ በስኳር የተበረዘ «ንጹሕ ማር» ገዝቶ ያልተቃጠለ የከተማ ሰው ይኖር ይሆን? ማር በሐሰት ሲበረዝ ሁላችንም እንጮሃለን። ታሪክ በሐሰት ሲበረዝስ? እኛ ያን ምሽት የሠራነው ከማር በራዡ ሥራ በምን ይለያል? እሱ ስኳር በማር ቀለም ሸጠ፤ እኛ ፈጠራ በሼህ ሁሴን ስም ልንሸጥ ነበር። የሚገዛን ሰው ደግሞ ለልጁ ይነግረዋል፤ ልጁ ለልጁ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ባሌ ሄዶ «የድሮ ሰዎች ይህን ተረት ይናገራሉ» ብሎ ይጽፈዋል። እውነተኛው የቃል ትውፊት ከእኛ ካርቶን ጋር ተቀላቅሎ ማንም ሊለየው አይችልም። የቪየናው ዳቦ ታሪክ ዛሬ ድረስ እንደ እውነት የሚነገረው በዚሁ መንገድ ነው።

አንዳንዱ «ተረት ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው የፈጠረው አይደል ወይ?» ይለን ይሆናል። ከመካከላችንም እንዲህ ብሎ የተከራከረ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ ግን ተረት ሲፈጠር የሚቀበለው ሕዝብ አብሮ መኖሩ ነው። የሐረር ሰው በጅቡ ተረት የሚያምነው በየዓመቱ ገንፎውን እየከፈለበት ነው። ያላመነበትን ይጥለዋል፤ ያመነበትን ያሳድገዋል። እኛ ከአዲስ አበባ ሆነን የጻፍነውን ግን ባሌ አልሰማውም። የመጀመሪያዋ የሰማች ሴት ደግሞ ጣለችው።

ሁለተኛው ካርቶን

ካርቶኑ ባዶውን አልቀረም። ወዳጃችን እንደገና ጠየቀን፤ እኛም እንደገና ጻፍን። የአሁኑ አጭር ነው፦

«ይህ ጭኮ ነው። ገብሱ ከዲንሾ፣ ማሩ ከሐረና ጫካ ነው። ማሩን ሰዎች በጨለማ ረዥም ዛፍ ላይ ወጥተው ቆርጠውታል። ጭኮ የበዓልና የመንገደኛ ምግብ ነው። በባሌ ሰው ሲመጣና ሰው ሲሄድ ይሠራል። ለብቻ አይበላም።»

ንቦቹ በበረሃ ሰማይ ላይ አይበሩም። ተአምር የለውም። ወዳጃችን መጀመሪያ ቅር ቢለውም ይዞት ጎባ ሄደ፤ ለአኮ አነበበላቸው።

አኮ በዚህኛው ማን ነገራችሁ አላሉም። «እሺ፣ ይሁን» አሉ። ቀጥለው ግን ሌላ ጥያቄ አመጡ፦ «‹ለብቻ አይበላም› ብላችሁ ጽፋችኋል። የዓረፋ ጋሪባ በደጃችን ሲያልፍ ከዚህ ካርቶን ስንቱን ትሰጡታላችሁ?»

ወዳጃችን በዚህ ሒሳብ ላይ እስካሁን ተቀምጧል። ትርፉ ትንሽ ነው፤ የማር ዋጋ ጨምሯል፤ የካርቶኑም እንዲሁ። እኛም ልናግዘው ሞክረን ነበር፤ ከመቶው አምስት ይበቃል፣ አይ አሥር እየተባባልን ነው። መልሱን ስናውቅ እንነግራችኋለን። እስከዚያው በመጪው በዓል አንድ ነገር ሞክሩ፦ ከኬኩ በፊት ቤት ያሉትን ትልቅ ሰው «በእርስዎ ልጅነት በዚህ ቀን ምን ይበላ ነበር? ለማንስ ይሰጥ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ጻፉት፤ ተረቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ቸር እንሰንብት።